ገመዱን አትንኩት

ላፕቶፕ ያለበት ቤት ሁሉ ይህን ትእዛዝ ያውቀዋል። «ገመዱን አትንኩት!» ቻርጀሩ ዓመት ሁለት ዓመት በሰላም ይሠራና አንድ ቀን መጣ ሄደ ማለት ይጀምራል። ገመዱ ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ሲል ይሞላል፣ ሲለቁት ያቆማል። ከዚያ የየቤቱ ብልሃት ይመጣል። አንዱ በላስቲክ ያስረዋል፣ ሌላው በወፍራም መጽሐፍ ይደግፈዋል። የእኛ ቤት ድጋፍ የቡና ሙቀጫው ነበር፤ ክብደቱ ልክ ነው፣ አይንሸራተትም። ቡና ሲወቀጥ ላፕቶፑ ይጠፋል፤ ላፕቶፑ ሲሞላ ደግሞ ቡና የለም።

«እኛ» ስንል የአንድ ቤት ሦስት ልጆች ነን። አንዳችን ማኅበራዊ ሥራ እናጠናለን፣ አንዳችን ለባግሩት እንዘጋጃለን፣ ትንሿ ገና አንደኛ ደረጃ ናት። ላፕቶፑ ግን አንድ ነው። ሴሚናሩም፣ የሒሳቡ ልምምድም፣ ከቢቱዋሕ ለኡሚ የሚመጣው ደብዳቤም፣ ጎንደር ሆና ተራዋን የምትጠብቀው የአክስታችን ወረቀትም ሁሉም እዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ ያ ገመድ ሲነካ የሚጮኸው አንድ ሰው አይደለም፣ ቤቱ በሙሉ ነው።

ስለ ጥገናው መጻፍ የፈለግነው ብዙዎቻችሁ በዚሁ ምክንያት አዲስ ላፕቶፕ እንደምትገዙ፣ ወይም ለመግዛት እንደምትበደሩ ስለምናውቅ ነው። ብዙ ጊዜ የተበላሸው የሩብ ጣት ያህል የሆነች ሶኬት ብቻ ናት።

በላፕቶፑ ጎን ባለችው ክብ ቀዳዳ ውስጥ ቀጭን የብረት ዘንግ ቆማለች። የቻርጀሩ ጫፍ ሲገባ ውስጡ ከዘንጓ ጋር፣ ውጩ ደግሞ ከጎኗ ካለው ቅጠል ብረት ጋር ይነካካል። በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ፖዘቲቩ ከውስጥ፣ ኔጋቲቩ ከውጭ ነው። ሶኬቷ በሁለት ዓይነት መንገድ ትያዛለች። በአንዳንዶቹ ላፕቶፖች በአጭር ሽቦ ትንሽ ማያያዣ ላይ ተሰክታለች፤ እንዲህ ከሆነ ሁለት ብሎን ፈትቶ፣ አሮጌዋን ነቅሎ አዲስ መሰካት ነው፣ ብየዳ የለበትም። በሌሎቹ ግን እግሮቿ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይደዋል። የእኛዋ ከሁለተኛዎቹ ነበረች።

ገመዱ በተሳበ ቁጥር፣ ላፕቶፑም ጭን ላይ ሆኖ በተንቀሳቀሰ ቁጥር፣ የቻርጀሩ ጫፍ እንደ መፈንቀያ ሆኖ እነዚያን እግሮች ይነቀንቃቸዋል። ብየዳው ለስላሳ ብረት ነው፤ አንድ ቀን አይሰበርም፣ ይሰለቻል። በእግሯ ዙሪያ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ቀለበት ትሠራለች። ገመዱ ሲዘነበል ስንጥቁ ይገጥማል፣ ሲለቀቅ ይከፈታል። መጣ ሄደ የሚለው ለዚህ ነው።

ይህ ደግሞ ማናደድ ብቻ አይደለም ሥራው። የእኛ ቻርጀር ላይ 19.5 ቮልት፣ 3.33 አምፔር ይላል፤ ሲባዛ 65 ዋት ያህል ነው። ያ ሁሉ በፀጉር ቀጭን መነካኪያ በኩል ልለፍ ሲል ቦታው ይሞቃል፣ አንዳንዴም ትንሽ ብልጭታ ይፈጥራል። የሞቀ ብረት ይጠቁራል፣ የጠቆረው ደግሞ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለማያሳልፍ የባሰ ይሞቃል። ጫፉን ስትነኩት የሚያቃጥል ከሆነ፣ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተታችሁ፣ መደገፉን ትታችሁ ንቀሉት። ልጅ ባለበት ቤት በተለይ።

ማንኛውንም ነገር ከመክፈት በፊት ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ ይህን ከግድግዳው ጀምሮ ወደ ላፕቶፑ መምጣት ነው። መጀመሪያ ሌላ ሶኬት ላይ ሞክሩ። ቀጥሎ ከግድግዳው እስከ ጥቁሩ ሳጥን ያለውን ገመድ ጥብቅ አድርጉት፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ላልቶ ይገኛል። ሳጥኑ ላይ መብራት ካለው ተመልከቱት። ሁሌም እየበራ፣ ጫፉን ላፕቶፑ ውስጥ ስትከቱት ብቻ ድርግም የሚል ከሆነ ውስጥ የተነካካ ነገር አለና ተዉት፣ ለባለሙያ ስጡት። መብራቱ ካልጠፋ ጫፉን በአንድ እጅ ሳይነቃነቅ ያዙና በሌላው እጅ ገመዱን ብቻ፣ አንገቱ አካባቢ፣ እጠፉት። ያኔ መጣ ሄደ ካለ የተቆረጠው በገመዱ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው፤ ቻርጀር መቀየር ይበቃል። ገመዱ ሲታጠፍ ምንም ሳይሆን ጫፉ ቀዳዳው ውስጥ ሲነቃነቅ ከሆነ ግን ሶኬቷ ናት።

የጎረቤት ቻርጀር መዋስም ጥሩ ነው። ቮልቱ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፣ ጫፉም እንዲሁ። አምፔሩ ከእናንተው ቢበልጥ ችግር የለውም፣ ላፕቶፑ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚወስደው፤ ቢያንስ ግን አይሆንም።

ይህን ሁሉ ሐሙስ ማታ አደረግን። በግልጽ ሶኬቷ ነበረች፣ ሙቀጫውም ከዚያ ቀን ጀምሮ እምቢ አለ። እሑድ ጠዋት የመስክ ልምምድ ሪፖርት መግባት አለበት፤ ሃያ ገጽ ነው፣ ሠንጠረዥ አለው፣ በስልክ የሚጻፍ አይደለም። ዓርብ ጠዋት ባትሪው 14 በመቶ ሲሆን የተጻፈውን ወደ ኢሜይላችን ላክንና ላፕቶፑን አጥፍተን ወደ አንድ መጠገኛ ይዘነው ሄድን። ሰውየው ሳይከፍተው «ማዘርቦርድ ነው» አለ። 850 ሸቅል፣ አንድ ሳምንት። አመስግነን ወጣን። ከቀትር በኋላ እናታችን ዳቦውን ጋገረች፣ ቤቱ ተጠረገ፣ ሰንበት ገባ። በሰንበት በእኛ ቤት ካቻቢቴ አይነሳም። ላፕቶፑ ሶፋው ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ዋለ።

ቅዳሜ ማታ ሦስት ኮከብ ከታየና ሰንበት ከተሸኘ በኋላ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠረግን። ሥራው እንዲህ ነበር። ቻርጀሩን መንቀል፤ ላፕቶፑን ማጥፋት፤ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ጀርባ መሳልና እያንዳንዱን ብሎን ከወጣበት ቦታ ሥዕሉ ላይ ማስቀመጥ። ይህ የልጅ ጨዋታ ይመስላል እንጂ ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ ማዘርቦርዱን ይበሳል። ሽፋኑን በብረት ሳይሆን ጊዜው ባለፈበት የራቭ ካቭ ካርድ ዙሪያውን እየፈለቀቅን ከፈትነው፤ የአውቶቡስ ካርድ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ከዚያ ከሁሉ በፊት የባትሪውን ማያያዣ መንቀል። ባትሪው አብጦ ብናገኘው እዚያው ላይ እናቆም ነበር፤ ያበጠ ሊቲየም ባትሪ አይጫኑትም፣ አይበሱትም። ደህና ነበር።

ሶኬቷን በስልክ ካሜራ አጉልተን ስናያት ሦስታችንም ምንም አልታየንም። ሁሉም ብርማ ነው፣ ሁሉም ደህና ይመስላል። «ይኸው ማዘርቦርዱ ነው እንዳለው ነው» እያልን ስንከራከር እናታችን የማንበቢያ መነጽሯን አድርጋ መጣች። ላፕቶፑን ወደ መብራቱ አዘነበለችው። በጥፍሯ ጫፍ አንዷን እግር ጫን ለቀቅ አደረገች።

«ሀልሐማ ካራ» አለች።

ማብራራት አለብን። በእኛ ቤት ዕብራይስጥ የልጆች ሥራ ነው። ኩፓት ሖሊም አብረናት እንሄዳለን፣ ደብዳቤ እናነብላታለን፣ በትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ራሳችን የተባለውን ራሳችን እንተረጉማለን፤ ይህን ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። አሁን ግን እናታችን በዕብራይስጥ አንድ ነገር ተናገረችና ሦስታችን ተያየን። ቃላቱን አንድ በአንድ እናውቃቸዋለን፤ ቀዝቃዛ ብየዳ ማለት ነው። ምን ማለት እንደሆነ ግን አናውቅም። «ተርጉሚልን» አልናት።

ተረጎመችልን። ብየዳው ሲሠራ ብረቱ በደንብ ካልሞቀ፣ ወይም ከጊዜ በኋላ ከተሰነጠቀ፣ ላዩ ደብዛዛ ይሆናል፤ ተጣብቆ የተቀመጠ ይመስላል እንጂ አልያዘም። ደህናው ብየዳ ያበራል፣ ግርጌው ወደ ሰሌዳው ሰፋ እያለ ይወርዳል፣ እንደ ጎጆ ክዳን። መጥፎው እንደ ሽምብራ ድቡልቡል ብሎ ይቀመጣል። «ይቺን እዩ፣ ዙሪያዋን» አለች። በመነጽሯ አየን። ቀለበቱ ነበረ፤ ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር።

እናታችን በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ነው የመጣችው። ከኡልፓን በኋላ ፋብሪካ ገባች፤ በቤታችን ያ ዘመን «ፋብሪካ» ከመባል ሌላ ስም አልነበረውም። በዚያች ሌሊት፣ ማልሐም እስኪመጣ ስንጠብቅ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የሚገጣጠምበት ቦታ እንደነበረ ነገረችን። አሥራ አንድ ዓመት በአጉሊ መነጽር ሥር ብየዳ ሠርታለች። «የሌሎቹ የተበላሸው ወደ እኔ ጠረጴዛ ነበር የሚመጣው» አለች፤ ይህን ያለችው እንደ ጉራ ሳይሆን የአውቶቡስ ቁጥር እንደሚነግር ሰው ነው። ሥራው ወደ ውጭ አገር ሲዛወር ሁሉንም አሰናበቷቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን እናውቃለን፤ ኒካዮን ነው፣ የቢሮ ጽዳት።

ማልሐሙ ሁለተኛ ፎቅ ካሉት ጋሼ ቤት መጣ፤ ልጃቸው በትምህርት ቤት ኤሌክትሮኒክስ ይማራል። እናታችን ጫፉን አየችና «ይህ ቀጭን ነው፣ ወፍራሙን አምጡ» አለች። ምክንያቱ አለው። የሶኬቷ ኔጋቲቭ እግሮች በሰሌዳው ውስጥ ካለው ሰፊ የመዳብ ንጣፍ ጋር የተያያዙ ናቸው። ያ መዳብ ሙቀቱን ይጠጣዋል፤ ቀጭን ጫፍ የሚሰጠውን እየጠጣ እግሯ ሳትሞቅ ትቀራለች። ወፍራም ጫፍ ብዙ ሙቀት ይዞ ይመጣል። ሙቀቱን ወደ 380 ዲግሪ አስደረገችው፣ መስኮት አስከፈተችን፤ የብየዳ ጭስ አይተነፈስም። የወጥ ቤት ስፖንጅ አርጥባ የማልሐሙን ጫፍ ጠረገችው፣ ጭስ አለ፣ አዲስ በዲል ቀባችው፤ አበራ። እስኪያበራ ድረስ ወደ ሰሌዳው አልተጠጋችም።

ትልቁ ነገር የሚመስለን ይሄ ነው፤ በስልክ ቪዲዮ ላይ ያየናቸው ሰዎች ብዙዎቹ በዲሉን ማልሐሙ ላይ አቅልጠው እግሯ ላይ ያንጠባጥቡታል። እናታችን ማልሐሙን እግሯና ሰሌዳው በሚገናኙበት አስደግፋ ጠበቀች። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሰከንድ። ከዚያ በዲሉን በማልሐሙ ሳይሆን በሌላው ጎን፣ በራሷ በእግሯ ላይ አስነካችው። ከሞቀች ራሷ ታቀልጠዋለች፤ ካላቀለጠችው ገና አልሞቀችም። አሮጌው ብየዳ እምቢ ሲላት ከአዲሱ ጨመረችበት። ይህንም ጠየቅናት። በኋላ ስናነብ ያገኘነው እንዲህ ነው፤ የዛሬ ዕቃዎች ብየዳ እርሳስ የሌለበት ስለሆነ እስከ 217 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካልሞቀ አይቀልጥም፤ ቆርቆሮና እርሳስ የተቀላቀለበት የድሮው ዓይነት ግን ከ183 ዲግሪ ጀምሮ ይለሰልሳል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ አሮጌው ቀለል ይላል። የጋሼ ልጅ በዲል የድሮው ዓይነት ነበር። እርሳስ ስላለበትም ሲያበቃ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ እኛንም አስታጠበችን፤ ስፖንጁንም ጣለችው።

በእያንዳንዷ እግር ላይ ትንፋሿን ያዝ ታደርጋለች። ማልሐሙን ስታነሳ እስኪረጋ ድረስ ማንም ጠረጴዛውን እንዳይነካ አዘዘች፤ ሲረጋ ከተነቃነቀ እንደገና ቀዝቃዛ ይሆናል። ትንሿ እህታችን እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከታ ቆመች።

ሴት አያታችን ወለቃ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ከጎንደር ራቅ ሳይል ያለው ያ መንደር በሸክላ ሴቶቹ የታወቀ ነው፤ እናታችን በልጅነቷ ገበያ የወረደችው ገሉን ተሸክማ ነው። አያቶቻችን ርስት ተነፍገው በእሳት ሲያድሩ፣ ወንዶቹ በብረት ሴቶቹ በጭቃ፣ ለዚያው ሙያ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባሉ ይሰደቡበት ነበር። ማረሻውን ከእነርሱ የገዛው ገበሬ ዓይናቸውን ይፈራ ነበር። እናታችን ስለዚህ ብዙ አታወራም። በዚያች ሌሊት ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እማዬ እሳቱ መድረሱን በቀለሙ ታውቅ ነበር፤ እኔ ደግሞ በዚህ።» ወደሚያበራው ብየዳ ጠቆመች።

ከመካከላችን ማኅበራዊ ሥራ የምናጠናው አንድ ነገር ሳንጠይቅ አላለፍንም። በየቢሮው ቅጽ ሲሞላ «ሙያ» የሚል ቦታ አለ። እዚያ ላይ ጸሐፊዎቹ «የለም» ብለው ሲጽፉ ከልጅነታችን ጀምሮ አይተናል፤ እርሷም ራሷን እየነቀነቀች ትስማማ ነበር። ለምን አልነገርሻቸውም? «ወረቀት አልሰጡኝም» አለች። አሥራ አንድ ዓመት ሠርታ ሙያ ማለት ወረቀት ያለው ነገር መሆኑን ነው የተማረችው። ዴኒስ ሳሊቤይ በ1992 ባሰናዱት መጽሐፍ የታወቀውን የጥንካሬ አተያይ በክፍል ውስጥ እንማረዋለን፤ ቤተሰብ ምን ጎደለው ከማለት በፊት ምን አለው ብሎ መጠየቅ ነው። ጥሩ ትምህርት ነው። ግን የእኛን እናቶች «ምን ጥንካሬ አለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል መልስ አግኝቶ ይሄዳል። በዚያ ሌሊት ከጨረስነው ሪፖርት ጋር በተያያዘው የቤት ጉብኝት መጠይቅ ውስጥ አንድ ጥያቄ ጨመርን፦ «ሌሎች ሲያቅታቸው ወደ እርስዎ ያመጡት የነበረው ሥራ ምን ነበር?» እስካሁን ለአራት እናቶችና ለአንድ አዛውንት አቅርበነዋል። ማንም «የለም» አላለም።

ወደ ላፕቶፑ እንመለስ። ብየዳው ሲበርድ በአልኮል ጠረገችው፤ ጥቁሩ ሙጫ ለቀቀ። ከመዝጋታችን በፊት በመልቲሜትር ሁለት ነገር ለካን። አንደኛ፣ ባትሪውም ቻርጀሩም እንደተነቀሉ በሶኬቷ ዘንግና በውጩ መካከል መነካካት አለመኖሩን፤ ቢኖር ኖሮ ቻርጀሩን መሰካት አደጋ ነበር። ሁለተኛ፣ ቻርጀሩን ሰክተን በእግሮቿ ላይ 19.5 ቮልት መድረሱን፣ ገመዱንም እየነቀነቅን ቁጥሩ አለመዝለሉን። አልዘለለም። ቻርጀሩን መልሰን ነቀልን፣ ባትሪውን አያያዝን፣ ሽፋኑን መለስን። ከሥዕሉ ላይ አንድ ብሎን ተረፈ፤ የማን እንደሆነ ዛሬም አልታወቀም፣ ላፕቶፑም አልጠየቀም። ሪፖርቱ እሑድ ከንጋቱ በፊት ገባ።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ። ዘንጓ ራሷ የምትወላውል ከሆነ ብየዳ አይረዳትም፣ ሶኬቷ ትቀየራለች፤ ስትገዙ የላፕቶፑን ሞዴል ሙሉ ቁጥር ስጡ፣ በዓይን አንድ የሚመስሉ ሶኬቶች በግማሽ ሚሊሜትር ይለያያሉና። ቻርጀሩ በዩኤስቢ ሲ ከሆነ ደግሞ ማልሐም አታንሱ። እዚያች ጠፍጣፋ ቀዳዳ ውስጥ 24 መነካኪያዎች ተደርድረዋል፤ ይህ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ሥራ አይደለም። ግን ከመጠገኛው በፊት ላፕቶፑን አጥፍታችሁ በእንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ ቀስ ብላችሁ ውስጧን ጥረጉ። ከቦርሳ የሚገባ ብናኝ ታች ተጠቅጥቆ ጫፉ እስከ መጨረሻ እንዳይገባ ያደርጋል።

ይህን የምናውቀው ወሬው ከወጣ በኋላ ነው። የጋሼ ልጅ ለእናቱ ነገረ፣ እናቱ ለቡና ማኅበሩ። በሳምንቱ የመጀመሪያው ላፕቶፕ መጣ፤ ገመዱ ነበር የተቆረጠው፣ እናታችን ሳትከፍተው መለሰችው። ሁለተኛው በዩኤስቢ ሲ ነበር፤ ከቀዳዳው የወጣውን ብናኝ ለባለቤቱ ወረቀት ላይ አሳየችው። ሦስተኛው እውነተኛ ቀዝቃዛ ብየዳ ነበር። ገንዘብ አልተቀበለችም፤ እኛ መቀበል አለባት እንላለን፣ ክርክሩ አላለቀም።

አሁን የራሷን ማልሐም ትፈልጋለች፣ ሙቀቱ የሚስተካከለውን፣ መብራት ያለው አጉሊ መነጽርም እንዲሁ። ዋጋውን አይተንላታል፤ ሁለቱ ተደምረው ያ መጠገኛ የጠየቀንን ግማሽ አይሆኑም። አባታችን የት ሊቀመጥ ነው ብለው ሲያጉረመርሙ ከርመው ባለፈው ማክሰኞ የምግብ ጠረጴዛው እንዳይቃጠል አንድ ጣውላ በልኩ አስቆርጠው፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ልገው አመጡ።